የዓፄ ቴዎድሮስ ውሎ

የሰውን ልብ ለማወቅ የፈለገ ሁሉ ንግግሩን ከመስማት ይልቅ ውሎውን ቢመለከት ይሻለዋል። ንግግር በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ውሎ ግን የዕድሜ ሙሉ ምስክር ነው። ልጆቼን ከሁሉ አብልጬ እወዳለሁ የሚል አባት በሳምንት ከልጆቹ ጋር የተቀመጠባቸውን ሰዓቶች ቢቈጥር፥ ትምህርት እወዳለሁ የሚልም ሰው መጽሐፍ ገልጦ ያመሸባቸውን ሌሊቶች ቢያሰላ፥ ልቡና ቀኑ በየፊናቸው ሲሄዱ ያገኛቸዋል። ይህ ችግር የተራ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዘውድ የጫኑትንም አይምርም።

ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ነው። የጀግንነታቸው ታሪክ ብዙ ጊዜ የተጻፈና በየቤቱም የሚነገር ስለ ሆነ እሱን ለመድገም አላሰብንም። የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። በነገሡባቸው 13 ዓመታት ውስጥ ቀናቸው የት ዋለ? ልባቸው በፈለገው ነገር ላይ ነበረን?

ነገራችንን ከደብረ ታቦር እንጀምራለን። ደብረ ታቦር ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በጉና ተራራ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከተማዪቱን የቈረቈሯት ራስ ጉግሣ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ከእሳቸውም በኋላ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ኖራለች። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው ሳሉ፥ በእውነት የሚያዝዙት እንደራሴዎቹ በደብረ ታቦር ነበሩ። ከከተማዪቱ ወጣ ሲሉ፥ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ፥ ጋፋት የሚባለው ስፍራ ይገኛል። የዓፄ ቴዎድሮስ ምኞት ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚታየው በጋፋት ነው። ነገር ግን ወደ ጋፋት ከመድረሳችን በፊት ምኞቱ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባናል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ስለ ሞቱበት በልጅነቱ ብዙ ችግር አይቷል። በገዳም ሲማር ገዳሙ በጦረኞች ተመዝብሮ ካሣ ከጥፋቱ ለጥቂት እንዳመለጠ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ጦርም ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ ግን ርስቱን ስላላገኘ ወደ ቋራ በረሓ ወርዶ ሸፈተ። ስለዚህ የሽፍትነት ዘመኑ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው፤ ከቀማው ገንዘብ ለድኻው ገበሬ ማረሻ መግዣ አካፈለ፥ ከተከታዮቹም ጋር ጫካ መንጥሮ አረሰ ይባላል። በኋላ ዘመን ድንጋይ ሲፈነቅሉ የምናያቸው ንጉሥ ከሥራ ጋር የተዋወቁት እንግዲህ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ነው።

በ1840 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ደባርቂ በሚባለው ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋጉ። የሰዎቻቸው ጀግንነት አላነሰም፤ ነገር ግን የጠላት ወገን መድፍና በሥርዐት የሰለጠነ ወታደር ነበረው፤ ስለዚህ ተሸነፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ አሳብ ከልባቸው አልወጣም። አገሪቱን ከውጭ ጠላት ለመጠበቅ ጀግና ብቻ አይበቃም፤ ብረት የሚያቀልጥ፥ መድፍ የሚሠራ፥ መንገድ የሚያበጅ እጅ ያስፈልጋል የሚል አሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያውቀዋልና በአጭሩ እናልፈዋለን። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ፤ በደረስጌ ማርያምም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዓፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የመሳፍንት ዘመን በዚህ አበቃ።

አዲሱ ንጉሥ የሚፈልጉትን ነገር ያውቁ ነበር፤ ይህን ለመናገርም አልዘገዩም። የተከፋፈለውን አገር አንድ ማድረግ፤ ሽፍታው መሣሪያውን ጥሎ፥ ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ማድረግ፤ ወታደሩ ገበሬውን ከመብላት ይልቅ በደመወዝ እንዲኖር፤ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከሚያስፈልገው የተረፈው መሬት ለአራሹና ለግምጃ ቤቱ እንዲሆን፤ ከሁሉም ጋር የእጅ ጥበብ በኢትዮጵያ እንዲተከል ፈለጉ። ይህን ዝርዝር ዛሬ የሚያነበው ሰው ገና በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አሳብ መታሰቡን አይቶ መደነቁ አይቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቀኑስ የት ዋለ?

የዘውዱ ዘይት ሳይደርቅ ወደ ወሎ ዘመቱ፤ መቅደላንም ያዙ። ከወሎ ወደ ሸዋ ተሻገሩ፤ በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ገብሮ ሕፃኑ ምኒልክ ከእሳቸው ጋር ተወሰደ። ከዚያም ትግሬ፥ ጎጃም፥ ዳግመኛ ወሎ፥ ዳግመኛ ጎጃም፥ እንደገና ወሎ ሆነ። ትግሬ ላይ ንጉሤ ወልደ ሚካኤል እስከ 1853 ዓ.ም. ድረስ አስጨነቋቸው፤ በጎጃም ተድላ ጓሉ ጨርሶ እጅ አልሰጡም፤ ወሎም በተመቱ ቍጥር እንደገና ይነሡ ነበር። ንጉሡ ወንዝ እየሞላ መንገድ ሲዘጋ ለክረምቱ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ውሃው ሲጎድል ነጋሪት ይመታል። ደብረ ታቦር ዋና ከተማ ተባለች እንጂ እውነተኛው ከተማቸው ድንኳናቸው ነበረ።

ሰነፍ ነበሩ የሚል ግን የለም። በቅርብ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እንቅልፋቸው ጥቂት ነበረ፤ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ልብሳቸው ከወታደራቸው ልብስ ብዙ አይለይም፤ የድኻውን አቤቱታ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ በግስጋሴም ጠላት ባላሰበው ሌሊት ይደርሱበታል። እንግዲህ የዓፄ ቴዎድሮስ ችግር ጊዜን በከንቱ የማሳለፍ ችግር አልነበረም። አንዲት ሰዓት አላባከኑም። ቢሆንም የተወደደው ሥራ ሁልጊዜ ከአስቸኳዩ ሥራ በኋላ ሆነ፤ አስቸኳዩም ማለቂያ አጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ የሆነ ክርክር ሊያነሣብን ይችላል። አገሩ ሸፍቶ ሳለ ምን ያድርጉ? ሽፍታውን ትተው መድፍ ያስቀልጡን? ሰላም ሳይኖርስ ፋብሪካ ይተከላልን? ክርክሩ እውነት አለበት፤ ማንም ንጉሥ አልጋውን ጥሎ ስለ ጥበብ ሊያስብ አይችልም። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ የሚመለከት ሌላም ነገር ያያል። ሠራዊቱ በበዛ ቍጥር የሚበላው ይበዛል፤ ደመወዙ ስለማይበቃ ወታደሩ ገበሬውን ይበላል፤ የተበላው ገበሬ ይሸፍታል፤ ለሸፈተውም ሌላ ዘመቻ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያንን መሬት የመቀነሱ አሳብ የመጣው ከዚሁ የስንቅ ችግር ነው፤ ካህናቱም ስለ ተቈጡ የሕዝቡ ልብ ራቀ። እንዲህ እያለ ዘመቻ ዘመቻን ይወልድ ጀመር። ቅጣቱም ከዓመት ወደ ዓመት እየከፋ ሄደ፤ እጅና እግር የተቈረጡት፥ በእሳት የጠፉት መንደሮች ብዙ ናቸው። ይህን የንጉሡን ክብር ለመጠበቅ ብሎ መደበቅ አይገባም።

በዚህ መካከል ደግሞ ከጐናቸው ሆነው ቆም በሉ ለማለት የሚችሉት ሰዎች አለቁ። በጣም የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውዴን በ1852 ዓ.ም. ከጎንደር አጠገብ በሽፍታ እጅ ወደቀ። ከልጅነት ጓደኛ የማይተናነሰው ዮሐንስ ቤልም ጥቂት ወራት ቈይቶ ከንጉሡ ጐን ሲዋጋ ሞተ። ከዚህ በኋላ በድንኳናቸው ውስጥ የሚፈራቸው ሰው በዛ፤ የሚመክራቸው ግን ጥቂት ሆነ።

አሁን ጋፋት ደርሰናል። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ማኅበር የተላኩ ሚሲዮናውያን ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር። እነርሱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት እጃቸውን ነበር። ከነዚህም ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየርና ሌሎችም በጋፋት ተቀመጡ፤ የፖላንዱ ሰው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩ። ቤት ተሠራላቸው፤ ከንጉሡም ቀለብና ስጦታ አገኙ። የኢትዮጵያ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አናውቅበትም ቢሉም ንጉሡ እሺ አላሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው አልቻለም። እንደገና ተሞከረ፤ እንደገናም ከሸፈ። ወንፊቱ፥ ሸክላው፥ ከሰሉ ሁሉ በሙከራ ተማሩት፤ በመጨረሻም የቀለጠው ብረት በቅርጹ ውስጥ ቆመ።

በኛ አስተያየት የዓፄ ቴዎድሮስ ልብ ያለ ጥርጥር የነበረው በዚህ ምድጃ አጠገብ ነው። ከዘመቻ ተመልሰው ደብረ ታቦር ሲገቡ ወደ ጋፋት ይወጡ ነበር፤ ሥራውን ቆመው ይመለከታሉ፤ ይጠይቃሉ፤ የተሳካላቸውን ይሸልማሉ። ነገር ግን ከ13ቱ ዓመት ውስጥ ለጋፋት የደረሰው ከዘመቻ የተረፈው ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱም ትንሽ ነበረ፤ ለመስፋትም ጊዜ አላገኘም።

ከውጭ አገር የእጅ ባለሙያ ለማስመጣት የደከሙበት ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው በለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ተረስቶ መልስ አላገኘም። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎችም አውሮፓውያን ታሰሩ። መልእክተኛው ራሳም በ1858 ዓ.ም. የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ሲመጣ በመልካም ተቀበሉት፤ ጥቂት ቈይቶ ግን እሱም ከእስረኞቹ ጋር ተቀላቀለ። እንዲህም በመሆኑ ባለሙያ ለማግኘት የተጀመረው ነገር ስለ ክብርና ስለ እስረኛ ወደሚደረግ ክርክር ዞረ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ብዙ ቀን በላ። የእጅ ጥበብን ፍለጋ የወጣው ደብዳቤ በስተመጨረሻ የእንግሊዝን ጦር ጠራ።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ላስታም በዋግሹም ጎበዜ እጅ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱና የቤተ ክርስቲያኑ ንዋይም ተወሰደ። በዚያ ጊዜ አንዳንዱ ስድሳ ሺህ፥ አንዳንዱም ከዚያ የበለጠ ይገምተው የነበረው ሠራዊታቸው ወደ 10 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ግዛታቸው ከደብረ ታቦር ዙሪያ ብዙ አይርቅም። የቤጌምድርም ገበሬ፥ በፊት አሜን ብሎ ያስተናገዳቸው፥ ስለ ተዘረፈ ከዳቸው።

እነሆ በዚህ ጊዜ፥ የሚዘምቱበት አገር ሲያልቅ፥ ለጋፋት የሚሰጥ ቀን ተገኘ። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይሆናል። ደስታቸው ከልክ ያለፈ ነበር ይባላል፤ ከደባርቂ ጀምሮ 19 ዓመት ሙሉ በልባቸው የኖረው ነገር አሁን በዓይናቸው ፊት ቆመ። ነገር ግን ያን መድፍ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር በዙላ መውረድ የጀመረው በዚያው ወራት ነው። ወደ መቅደላ የሚወስድ የሠረገላ መንገድ ስላልነበረ ንጉሡ መንገዱን እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ፥ ከጨጨሆ ወደ ዋድላ፥ ከዚያም የጅዳን ገደል ወርዶ ወደ ደላንታ ወጥቶ፥ የበሽሎንም ገደል ወርዶ ወደ መቅደላ የሚያደርስ መንገድ ነው። ከጠዋት ጎህ ጀምሮ እስከ ማታ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ከሠራተኛው ጋር ሆነው ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ፥ መሬት ያስተካክሉ፥ ሸለቆውን ይሞሉ ነበር። ንጉሡ ሲሠሩ ያየ መኰንንም ቆሞ ለማየት አልደፈረም። መድፎቹን የጫኑትን ሠረገሎች በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር ይጐትታል፤ ቍልቍለት ሲሆን ከኋላ ይይዛል። በሁለት ወገን ሽፍታ ከቧቸው ነበር፤ ስንቅ አልነበረም። ቀድሞ በአንድ ሌሊት ረጅም አገር የሚያቋርጡት ንጉሥ አሁን በቀን ጥቂት ብቻ ይራመዱ ነበር። ከስድስት ወር የሚያንስ ጥቂት ቀን ፈጅተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ፤ እንግሊዞቹንም ቀደሙ።

ያን መንገድ ያዩት እንግሊዛውያን መሐንዲሶች አደነቁት፤ ከማድነቅም አልፈው በጅዳና በበሽሎ ገደል ላይ ለራሳቸው ጦር ተጠቀሙበት። በንጉሡ እጅ የተስተካከለው መንገድ የጠላትን ዝሆንና መድፍ አሳለፈ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው ሞተ። ብዙ የተደከመላቸው መድፎች ውጊያውን አልለወጡም። በሦስተኛው ቀን፥ በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ ጠላት በሩን ሰብሮ ሲገባ ዓፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ልጃቸው አለማየሁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጓዙባቸውን ወራት በንጉሡ ሕይወት ውስጥ የተለየ ነገር አድርገን እንመለከታቸዋለን። በ13ቱ ዓመት ውስጥ ልባቸውና ቀናቸው ሙሉ በሙሉ አንድ የሆኑት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መንገድ መሥራት፥ ጥበብን በእጅ መጨበጥ፥ መኰንኑንና ድኻውን በአንድ ሥራ ላይ ማሰለፍ፥ ሁሉም በዚያ ጕዞ ላይ ነበሩ። ግን ወቅቱ አልፎ ነበር። መንገዱ ለነጋዴና ለገበሬ መሄጃ አልሆነም፤ መድፍ ወደ አንድ አምባ ለማድረስ ብቻ ተሠራ።

እነዚያ ስድስት ወራት በ1848 ወይም በ1849 ዓ.ም.፥ ሕዝቡ ገና ሲወዳቸው፥ ከደብረ ታቦር ለሚወጡት መንገዶችና ለጋፋት ትምህርት ቤት ተሰጥተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በሆነ ነበር? ይህን ማንም ሊናገር አይችልም። ምናልባት ወሎም ጎጃምም ሳይመለሱ ይቀሩ ይሆናል። ነገር ግን የታየው ነገር ግልጽ ነው። አስቸኳዩን ጉዳይ ጨርሼ ወደምወደው እመለሳለሁ ያለ ሰው፥ ንጉሠ ነገሥትም ቢሆን፥ ወደሚወደው የሚመለሰው ዙሪያው ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። አስቸኳይ ጉዳይ በራሱ አያልቅም፤ የሚወደደው ሥራ ድርሻውን ከመጀመሪያው ካላገኘ የሚደርሰው ትራፊ ብቻ ነው።

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት፥ በጨጨሆም በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ በመኪና ተቀምጦ ያን ደጋ በጥቂት ሰዓት ያቋርጠዋል። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ ድረስ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የንጉሡን ጀግንነት ያስባል፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። እኛ ግን ከጀግንነቱ ጋር ሌላም ነገር እንዲያስብ እንወዳለን። ያ ብረት የ19 ዓመት ምኞት ነው፤ የተሠራው ግን በመጨረሻው ዓመት ነው።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ የሳምንቱ ሥራ ይጀመራል። እያንዳንዳችን ጋፋት አለን፤ ከዘመቻ መልስ የምንጎበኘው፥ እውነተኛው ምኞታችን ያለበት ትንሽ ኮረብታ። አንባቢያችን ያለፈውን ሳምንት ቀኖች በጣቱ ቈጥሮ ስንቱ ቀን ለዚያ ኮረብታ እንደ ተሰጠ ቢመረምር፥ የዓፄ ቴዎድሮስን ድካም ከንቱ አላደረገውም።